የጋሽ ሻንካ ጣራ

ጥርስ ማስነቀል እንዲህ ያለ መዘዝ እንዳለው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር፣ መንጋጋዬን በመዳፌ እንደያዝኩ እስከ ዕለተ ሞቴ እኖር ነበር። እኛ ኮሌጅ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ከስብሰባ የቀረ ሰው ማንም ያልፈለገውን ሥራ ይሸለማል። ስብሰባ የምናዘወትረው አገራዊ ጉዳይ አሳስቦን እንዳይመስላችሁ። በሌለንበት እንዳንመረጥ ነው። ይህን እያወቅኩ፣ ስብሰባ ባለበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ ወርጄ መንጋጋዬን አስነቀልኩ። በማግስቱ ጥጥ ነክሼ፣ አንድ ጉንጬ ማንጎ አክሎ ግቢ ስገባ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ «እንኳን ደስ ያለዎት መምህር!» አለኝ። ዘበኛችን ለማንም አይነሣም። የዚያን ጊዜ ነው ማለቄን ያወቅኩት።

ዲናችን አቶ ታምሩ ቢሯቸው አስጠርተው አስረዱኝ። የውጭ ድጋፍ አፈላላጊ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢው እኔ ነኝ። የማስተምረው እንግሊዝኛ ነው፣ ለጋሾች ደግሞ የሚለመኑት በእንግሊዝኛ ነው።

«ተቃውሞ ካለህ አሁኑኑ ተናገር» አሉኝ።

አፌ ውስጥ ያለው ጥጥ ለተቃውሞ ቀርቶ ለምራቄም ቦታ አልተወም። «እምምም» አልኩ።

«ጎሽ! ዝምታ መስማማት ነው» ብለው ደብዳቤው ላይ ፈረሙ።

ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ የምለምንለት ነገር አላጣሁም። ኮሌጃችን ከሚያሠለጥንባቸው ሙያዎች አንዱ ሽመና ነው። ጋሞ ላይ ሽመና ማስተማር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው እያሉ የሚያላግጡ አሉ። እነሱ ጋሽ ሻንካን ስላላዩ ነው። ጋሽ ሻንካ የሽመናው አሠልጣኝ ናቸው፤ የሸማኔዎቹ ተራራ የኦቾሎ ሰው። ዲግሪ የላቸውም፤ የሚሠሩት በየዓመቱ በሚታደስ ውል ነው። እጃቸው ድሩ ላይ መሄድ ሲጀምር ግን ባለዲግሪው ሁሉ መንገዱን አቋርጦ በመስኮት ያያል።

የሚያስተምሩበት ክፍል ስድስት የሽመና ዕቃ አለው፤ አራቱ የተሰበሩ ናቸው። ጣራው ደግሞ ወንፊት ነው። ዝናብ ሲመጣ ሠልጣኞቹ መወርወሪያቸውን ጥለው በላስቲክ ድር ይሸፍናሉ። በዚያ ሰሞን ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ፦ የተሟላ ወርክሾፕ የሌለው የሙያ ክፍል ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሠልጣኝ አይቀበልም። ሠልጣኝ ከሌለ ውል የለም። ውል ከሌለ ጋሽ ሻንካ የሉም።

የመመረጤን ዜና ሰምተው መጡ። «መምህር፣ ከፈረንጆቹ ጋር የምትናገር አንተ ነህ አሉ።»

«እንደዚያ ሆነ ጋሽ ሻንካ።»

«እኔ ብዙ አልፈልግም። ጣራዋን ብቻ ይሥሩልኝ። ጣራው ካላፈሰሰች ሌላው በእጄ ነው።»

የጋሽ ሻንካ አማርኛ ወንድና ሴት ያምታታል እንጂ ቃል አያባክንም። እኔ ሰዋስው ሳላሳስት ስንት ሰዓት ስቀባጥር እንደምውል ተማሪዎቼ ይመስክሩ።

ፍለጋ ጀመርኩ። ኢንተርኔት ላይ ድጋፍ መፈለግ ማለት፣ አያድርስባችሁ፣ ሠርግ ቤት በር ላይ ቆሞ መጥሪያህ የታለ መባል ነው። አንዱ ድጋፍ ለደሴት አገሮች ብቻ ነው። አንዱ ዕድሜያቸው ከእኔ በግማሽ ለሚያንሱ ነው። አንዱ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚህ በፊት ድጋፍ ላገኙ ብቻ ነው፤ ለመብላት በልቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት ሊጠፉ የተቃረቡ የእጅ ሙያዎችን የሚረዳ አንድ የባሕር ማዶ ድርጅት አገኘሁ። ፈንጥዤ ሦስት ገጽ ፕሮፖዛል ጻፍኩ። ጣራ፣ አራት የሽመና ዕቃ፣ ፈትል። አለቀ።

አቶ ታምሩ ወረቀቱን ገለባበጡት፤ ከኋላው ሌላ ነገር የተጻፈ መስሏቸው።

«ይኼ ብቻ?»

«የሚያስፈልገን ይኸው ነው።»

«አየህ መምህር፣ ለልመና የወጣ ሰው ጠባብ አኩፋዳ ይዞ አይወጣም» አሉና ለኮሚቴ መሩት።

ኮሚቴው ሦስት ቀን ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን መኪና ገባች። መኪና ካለች ሹፌር አለ፤ ሹፌር ካለ የሚያዘው አስተባባሪ አለ፤ አስተባባሪ ካለ ቢሮ አለ፤ ቢሮው ደግሞ፣ መቼም፣ የማያፈስ ጣራ ይኖረዋል። በሁለተኛው ቀን መኪናዋ ነጭ ትሁን ወይስ ብርማ በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ እንኳ የላሚቱን ቀለም በድምፅ ብልጫ አላስወሰነም። በሦስተኛው ቀን የጋሽ ሻንካን ጣራ ብፈልገው ብፈልገው ጠፋ፤ ኋላ ከብዙ ገጾች በታች «ሌሎች ጥቃቅን ጥገናዎች» ከሚለው ርእስ ሥር ተኮራምቶ አገኘሁት።

በዚህ መካከል ጓደኛዬን አጣሁ። መስፍን የሒሳብ መምህር ነው። ለዓመታት ምሳችንን አብረን ነው የበላነው፤ የጫሞ ዓሣ ሲቀርብ እሾኹን እየለቀመ ሥጋውን ወደ እኔ የሚገፋ ሰው ነበር። አቶ ታምሩ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ብለው የእኔን ስም አስጻፉ። መስፍን ቦታውን ይፈልገው ኖሯል። እኔ አላወቅኩም፤ ቢነግረኝ ቦታውንም መንጋጋዬንም እሰጠው ነበር።

«አንተ እኮ ጥርስህን ያስነቀልከው ሆን ብለህ ነው» አለኝ።

የሚስቅ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ዓሣውን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይበላል። እስካሁን የምንነጋገረው «ኮፒ ወረቀት አልቋል» እና «አውቃለሁ» ብቻ ነው። ባልመጣ መኪና ወንበር ተጣልተን፣ በእግራችን በየፊናችን እንሄዳለን።

ድርጅቱ ከአካባቢው ማኅበረሰብ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቋል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከጋሽ ሻንካ ጋር ፒክአፕ ጀርባ ላይ፣ በጨው ከረጢት መካከል ተቀምጠን ወደ ኦቾሎ ወጣን። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጠበቁን። ቆጮ በሚፋጅ የቃሪያ ዳጣ ቀረበልኝ። ዳጣው እንባዬን ሲያወርደው ትንሽ ጠበቁኝና ትልቁ አዛውንት ጠየቁኝ።

«ገንዘቡ መጣ?»

«ገና ነው አባቴ።»

«ታዲያ አንተ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ወረቀት። እንዲፈርሙልኝ።»

ተያዩና ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የለመደ ሰው ሳቅ ነው። «ለወፍጮ ፈርመናል» አሉ። «ለንብ ቀፎ ፈርመናል። ለዶሮም ፈርመናል። ልጄ፣ እኛ ከዚህ ተራራ ብዙም አንወርድም፤ ፊርማችን ግን ዓለምን ዞሯል። የሆነ ቦታ ካገኘኸው ሰላም በልልን።»

ለሻንካ ሲሉ ግን ፈረሙ፤ ያልቻሉት አውራ ጣታቸውን አኖሩ። ልነሣ ስል አዛውንቱ ክንዴን ያዙኝ።

«የሚያፈሰው ጣራው ነው አይደል? ቀርከሃ አለን። ሣር አለን። ሰው አለን። መኪና ብቻ ላኩልን፤ በሁለት ቀን ከድነንላችሁ እንመለሳለን። ለምን ፈረንጅ ትጠብቃላችሁ?»

ሰኞ ለአቶ ታምሩ ነገርኳቸው። ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር።

«ሣር? የመንግሥት ግቢ ላይ ሣር? ፈረንጅ ሊመጣ ሣር?»

ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ማመልከቻው የሚያበቃበት ቀን ደረሰ። ሁሉ ነገር አለ፤ ማኅተም የለም። የኮሌጁ ማኅተም በመዝገብ ቤት ኃላፊዋ በወይዘሮ ብርቄ እጅ ነው። ወይዘሮ ብርቄ ማኅተሙን ለመሳቢያም አያምኑም፤ የሚሄዱበት ይዘውት ይሄዳሉ። ያን ዕለት የሄዱት ደግሞ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ለቅሶ ነው።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ሴቻ ወጣሁ። ድንኳኑን አገኘሁት። ታዲያ ድንኳን ገብቶ «ማኅተም አምጡ» አይባልም፤ ወግ አለው። ጎንበስ ብዬ ገባሁና ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ብርቄ ማዶ፣ ከሴቶቹ መካከል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ለመያዝ ብዙ ሞከርኩ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ለሐዘን ሰጥተውታል። ንፍሮ ተዞረልኝ። ሰዓቴን አየሁ። መስፍን ትዝ አለኝ፤ የአዛውንቶቹ አውራ ጣት ትዝ አለኝ፤ ወንፊቱ ጣራ ትዝ አለኝ። ሳላስበው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ትከሻዬን አቀፉ። «በርታ ልጄ፤ ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም። ለመሆኑ የሟች ምኑ ነህ?»

«ማኅተሙን...» አልኩ፤ ሳጉ ቀሪውን ዋጠው።

«ማኅተሙ ነው!» አሉ ሽማግሌው ለጎረቤታቸው። «ማኅተሙ የሚባል ልጅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።»

ወሬው በድንኳኑ ተዛመተ። «ማኅተሙ መጣ?» «የትኛው ማኅተሙ?» «ከውጭ ያለው ይሆናል።» አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች «ማኅተሜን! ሳያይህ ሄደ!» ስትል ዋይታው አዲስ ተቀሰቀሰ። ከድንኳኑ ሰው ሁሉ ነገሩ የገባቸው አንድ ሴት ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ብርቄ ቀስ ብለው ተነሡ፣ ወደ ውጭ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ቀለሙ ደርቋል። ሁለት ጊዜ ተነፈሱበትና ወረቀቱን ጀርባዬ ላይ አስደግፈው መቱት። «አሁን ሂድ፤ ሟቹን ባታውቀውም ነፍስ ይማር በል» አሉኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ሮጥኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ገባሁና ማመልከቻውን ሰዓቱ ሳያልፍ ላክሁት።

ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። ለመጨረሻው ዙር አልፈናል፤ ገምጋሚ መጥታ ወርክሾፑን ታያለች። መኪናዋንና ቢሮውን አንሰጥም፤ ጣራውንና የሽመና ዕቃዎቹን ግን ልናስብበት እንችላለን ይላል። ደስታዬን አልደብቅም፤ አምላክ ራሱ ወርዶ ፕሮፖዛሉን ያረመው መሰለኝ።

አቶ ታምሩም ደስ አላቸው። ደስታቸው ነው ያጠፋን። «እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል» አሉና ግቢውን አነቃነቁት። ግድግዳው ተቀባ። የተሰበሩት አራት የሽመና ዕቃዎች ከመጋዘን ጀርባ ተጣሉ፤ በእነሱ ቦታ ከአንድ የሸማኔዎች ማኅበር አራት ደኅና ዕቃዎች ለአንድ ቀን በውሰት መጡ። የሚያፈሰው ጣራ እንዳይታይ ከሥሩ አቡጀዴ ተወጠረ። የፋብሪካ ጨርቅ ገዝተን የሽመና ክፍል ጣራ ሸፈንን፤ ይኼን ለታሪክ መዝግቡልኝ። ጋሽ ሻንካን ደግሞ ነጭ ካፖርት አልብሰዋቸው ሐኪም አስመሰሏቸው።

«ክቡር ዲን» አልኩ፣ «እኛ እኮ የለንም ብለን ነው የጻፍነው።»

«የለንም ብሎ መጻፍ ሌላ፣ የሌለው ሰው መምሰል ሌላ። ድህነት በወረቀት እንጂ በዓይን አይታይም» አሉኝ።

ገምጋሚዋ ሽበታም፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። አስተርጓሚዋ አዲስ አበባ ታሞ ቀርቶባታል። ስለዚህ እኔ አስተረጎምኩ። ቀለሙን አየች፣ የሽመና ዕቃዎቹን ነካካች፣ የሠልጣኞቹን ሥራ አገላብጣ አየች። ከዚያ ሁላችንንም ትታ ጋሽ ሻንካ ፊት ቆመችና ምን እንደሚጎድላቸው እንድጠይቅላት ነገረችኝ።

«ጋሽ ሻንካ፣ ምን ይጎድልዎታል ትላለች።»

አቶ ታምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ሻንካ እሳቸውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ጣታቸውን ወደ አቡጀዴው ቀሰሩ።

«ጣራው ታፈሳለች» አሉ። «ይኼ ጨርቅ የተወጠረው ትናንት ነው። እነዚህ አራቱ የእኛ አይደሉም፤ ማታ ይመለሳሉ። የእኛዎቹ ከመጋዘኑ ጀርባ ናቸው፤ ሄዳ ትያቸው። ጣራዋ ከተሠራ ሌላው በእጄ ነው። ልጆቹ ጎበዝ ናቸው። ንገራት።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። አቶ ታምሩም ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ምን እንደፈራሁ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። ሥራዬ ቋሚ ነው። ደመወዜን የሚነካ የለም። አቶ ታምሩ አልዛቱብኝም፤ ዝም ብለው ነው ያዩኝ። ግን ለዓመታት በስብሰባ የሠለጠነ አንገት ባለቤቱን አይጠይቅም፤ ራሱ ይነቀንቃል።

«በጣም ደስተኛ ነኝ ይላሉ» አልኩ በጥሩ እንግሊዝኛ። «ኮሌጁ የሚያስፈልገውን አሟልቶልኛል፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ ይላሉ።»

ሴትየዋ ቅንድቧን ሰበሰበች። «ብዙ የተናገሩ መሰለኝ።»

«አማርኛ ረጅም ቋንቋ ነው» አልኳት።

ፈገግ ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች፤ የጋሽ ሻንካን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ አመሰገነቻቸው። ዝናብ ቢመጣ ኖሮ ሰማዩ ያስተረጉምልን ነበር። ያን ዕለት ግን ሰማዩም እንደ አቡጀዴው ነጥቶ ዋለ።

ውሳኔው ሲደርስ በስብሰባ ላይ ያነበብኩት እኔው ነኝ። በዚህኛው ትርጉም አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ባየነው ነገር እጅግ ተደንቀናል፤ ወርክሾፓችሁ የተሟላ፣ አሠልጣኛችሁም ደስተኛ ናቸው፤ ስለዚህ ያለንን ጥቂት ድጋፍ ይበልጥ ለተቸገረ ተቋም ሰጥተነዋል፤ ይላል።

«እስቲ ድገመው» አሉ አቶ ታምሩ። ደገምኩት።

«ስለዚህ አድንቀውናል ማለት ነው?»

«አድንቀውናል።»

ደብዳቤው በመስታወት ተደርጎ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በዓመቱ ሪፖርትም «የተገኘ ዓለም አቀፍ ዕውቅና» ተብሎ ገባ።

ክረምቱ ሲገባ አቡጀዴው ውኃ ቋጥሮ እንደ ላም ጡት ተንዠረገገ። አንድ ጠዋት ተቀደደና በደኅናዎቹ ሁለት የሽመና ዕቃዎች ላይ ተዘረገፈ። የሽመና ክፍሉ አዲስ ሠልጣኝ እንዳይቀበል ተወሰነ። የጋሽ ሻንካም ውል አልታደሰም። ነጩን ካፖርት አጥበው፣ አጣጥፈው ለንብረት ክፍል መልሰው ሄዱ። እኔ የዚያን ቀን ፈተና አርም ነበር፤ በመስኮት ሳያቸው አጎነበስኩ።

ሦስት ወር ያህል ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በመጨረሻ ኦቾሎ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ የሁኔታዎች አስገዳጅነት፣ ያልታሰበ ጫና፣ የቋንቋ ክፍተት። ጋሽ ሻንካን ቤታቸው ደጃፍ፣ ሸማ ሥራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እጃቸው መወርወሪያውን ይመላልሳል። ሰላም አሉኝ፤ በርጩማም በእጃቸው አሳዩኝ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ጋሽ ሻንካ፣ ያን ቀን ያሉትን አልነገርኳትም።»

መወርወሪያው አልቆመም። «አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። እንግሊዝኛ አላውቅም እኔ። ግን ጣራ ታፈሳለች የተባለ ሰው ቀና ብሎ ያያል። አንተ ተናግረህ ስትጨርስ ሴትየዋ ወደ ላይ አላየም። እጄን ጨበጠና ሳቀ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገሩም?»

ጋሽ ሻንካ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ከድሩ ላይ አነሡና አዩኝ። ቁጣ ብፈልግ አላገኘሁባቸውም።

«በማን በኩል ልናገር?» አሉ። «አስተርጓሚው አንተ ነህ።»